እምቢ የምትለው ቁልፍ

ይድረስ ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ፤

ጎረቤቴ እትዬ ስልከኛዋ ደህና ናት፤ ቤቷም አልተዘጋም። ይህን ከሰላምታ ያስቀደምኩት ባለፈው በስልክ ስናወራ መስመሩ መጥፎ ቦታ ላይ ተቆርጦ በጭንቀት እንደተውኩሽ ስለማውቅ ነው። ቀኝ እጇ አሁንም እንደ ልብ አይታዘዝላትም፤ እግሯን ግን በብረት መደገፊያዋ እየተረዳች እስከ እኔ በር ድረስ ታደርሰዋለች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትስቃለች፣ ሲያሰኛት ደግሞ ትቆጣለች። ንግግሯ ግን አልተመለሰም። ሐኪሟ ጥቂት ጥቂት ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ የሚነገራትን ሁሉ ግን እንደ ማናችንም ትረዳለች ብሏል። ልጇ ሾፌሩ ደህና ነው። ምራቷ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባል። የመጀመሪያው ልጅም አያቱን መፍራቱን ትቶ ጭኗ ላይ ከወጣ አልወርድም ማለት ጀምሯል። እንግዲህ ዋናውን ሰማሽ፤ አሁን ተንፍሺ።

ሰላምታው ይኸው ተከትሎ መጣ። ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንዴት ነሽልኝ? ወንበር ላይ ተጣብቀሽ እየዋልሽ ያሳመምሽው ወገብሽ ምሕረት አደረገልሽ ወይ? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ብርዱስ? የእኛን ቤት ከጠየቅሽ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ እንጨቱን እየላገ፣ ቤቱን ሁሉ የእንጨት ፍቅፋቂ እያለበሰ አለ። እኔም ከስፌት መኪናዬ ጋር ነኝ። ዓይኔ ብቻ ከመርፌ ቀዳዳ ጋር እንደተኳረፈ ነው፤ ክር የሚያስገባልኝ መንገደኛ ፍለጋ በር በሩን ማየት አመል ሆኖብኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ ገብተሽ ትከራከሪኛለሽ፤ በወረቀት ግን ወደድሽም ጠላሽም እስክጨርስ ትሰሚኛለሽ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንቺ የመረጥሽልኝን የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ ትቼ ጃቫን ይዣለሁ። ቆይ፣ አትጩሂ። ልጆቹ ይደነግጣሉ።

መቼም «ዓይንሽ ጨርሶ ሳይደክም ሌላ ሙያ ያዢ፣ ፕሮግራም መጻፍ ተማሪ» ብለሽ ስትወተውቺኝ እኔ ቀልድ መስሎኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ትምህርቴን በእንጥልጥል የተውኩ ሴት፣ የፈረንጅ ፊደልን ከልብስ ቁጥር ላይ የለመድኩ ሴት፣ ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘኝ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ለትልልቅ ሰዎች ትምህርት ተከፈተና ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተመዘገብኩ። መምህራችን ወጣት ነው፤ በየትምህርቱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለሚል ስሙን እንቁላሉ ብለነዋል፤ እሱም ያውቃል፣ አይቀየምም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንንም አንዳንድ ቋንቋ ምረጡ አለን። ጉድ እኮ ነው! የክፍላችን ሰው እንደ ሙሽራ ነው ያጣራው። ከየት ቤተሰብ ነው? ጠባዩ እንዴት ነው? ማን አብሮት ኖሮ አየው? ነገ ጥሎን ይሄዳል ወይ? እኔ ተራዬ ሲደርስ «እኔን ታናሽ እህቴ አስቀድማ ድራኛለች፤ ባሌ ፓይተን ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር። ቃሉ አጭር ነው፣ ነገር አያበዛም፣ የጻፍሽውን ወዲያው ያሳይሻል። የጠርዙን ነገርማ በጣም ነበር የወደድኩለት፤ መስመሩ ከዳር እኩል ካልገባ አልቀበልም ይላል። ጠርዝ አስተካክሎ የማይዘመዝም ሰው ለእኔ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ተግባባን። የተማሪዎቹን ስም ስጠራው «ሰላም» የሚል፣ የወገብና የትከሻ ልክ ስሰጠው የሚበቃውን ጨርቅ የሚነግረኝ ነገር ሠራሁ። አንቺም በስልክ አጨበጨብሽልኝ። እዚህ ድረስ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ በኋላ ነው የእትዬ ነገር የመጣው። ዕድሜዋን ሙሉ በስልክ ቤት ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት! ልጆች ሳለን ማንኪያ ጆሮሽ ላይ ለጥፈሽ «ይጠብቁ፣ እያገናኘሁ ነው» እያልሽ ድምፅዋን ስታስመስዪ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ አልነበረም? ያች ሴት አንድ ጧት ከእንቅልፏ ስትነሳ ቃል ከአፏ ጠፋ። አንጎሏ ውስጥ ደም ረግቶ ነው አሉ። መናገር የለ፣ መጻፍም የለ። እርሳስ ብሰጣት ፊደሉ ሁሉ እንደተበተነ ዶቃ ሆነባትና ወረወረችው። አንጀቴን በላችው።

ልጇ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ። ግን ፈራ። «ብትወድቅ ማን ይሰማታል? ቢያማት በምን ትናገራለች?» እያለ እኔ ዘንድ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ቤቷን ዘግቶ ወደ እሱ ከተማ፣ ደረጃው ብዙ ወደሆነው ፎቅ ሊወስዳት ቆረጠ። አልጠየቃትም እንዳልል ጠይቋታል። ግን መልስ የማይሰጥ ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰው ራሱ ጠያቂው ነው። «እማዬ፣ ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ አይደል?» ይላታል፤ ዝም ትላለች፤ «ይኸው፣ እሺ ብላለች» ይላል። ራሷን ብትነቀንቅም አያምናትም፤ በሕመሟ መጀመሪያ ሰሞን አዎንና አይደለምን ልትቀላቅል ትችላለች ተብሎ ተነግሮታልና። እኔ ግን ዓይኗን አውቀዋለሁ። የእሷን ክፍልና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ልጇ በሄደ ቁጥር ልቅሶዋን እሰማ ነበር።

ታዲያ እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? የተማርኩት ለጨርቅ ልክ ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው አልኩ። ትልቋ ልጄ ትታልኝ በሄደችው ላፕቶፕ ላይ ሥዕል ሥዕል ያለባቸው ቁልፎች ደረደርኩ። የብርጭቆውን ሥዕል ስትጫን «ውሃ ስጡኝ» ይላል። የአልጋው «ልተኛ» ይላል። ሌላው «አመመኝ» ይላል፣ ሌላው «ነይ» ይላል፤ ያቺ እኔን መጥሪያዋ ናት። ድምፁን ከየት ላምጣ? የራሴን ቀዳሁበት። እትዬ ፊት ወስጄ ዘረጋሁላት። አንድ በአንድ ነካካችና፣ አንቺዬ፣ ላፕቶፑን በግራ እጇ ገፍታ ልትጥለው! እኔ ደግሞ በመያዝ ላይ። ገባሁ ወጣሁ፣ ሥዕሉ አላማረም እንዴ አልኩ፣ ድምፄ አስጠልቷት ይሆን አልኩ። እሷ ራሷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትነቀንቃለች፣ ላፕቶፑን ትጠቁማለች፣ ደግሞ ራሷን ትነቀንቃለች። ኋላ ብልጭ አለልኝ። ለካ እኔ የሠራሁላት ሁሉ ልመና ነው! ስጡኝ፣ አንሱኝ፣ አስተኙኝ። አልፈልግም የምትልበት አንዲት ቁልፍ አላስቀመጥኩላትም። «እምቢ የምትል ቁልፍ ነው የፈለግሽው?» ብላት ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ልክ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

ሾፌሩ የሚመጣበት ቀን ደርሶ ስለነበር እምቢን በጥድፊያ ጨመርኳት። ቀይ ቀለም ቀባኋት፣ የተከለከለ እጅ ሥዕል ሰጠኋት። መጣ፤ ሚስቱም መጣች። እትዬ ውሃውን ተጫነች፤ «ውሃ ስጡኝ» አለ በእኔ ድምፅ። ምራቷ በደስታ ጮኸች። አልጋውን ተጫነች፣ ተናገረ። ሾፌሩ እጄን ሊስመኝ ምንም አልቀረው። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ምን ልደብቅሽ። ቀጥሎ ያንኑ የለመደውን ጥያቄ ጠየቃት፤ «እማዬ፣ ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ አይደል?» አላት። እትዬ ግራ እጇን ቀስ አድርጋ አነሳችና ወደ ቀይዋ ቁልፍ ወሰደች። ተጫነች። ዝም። ደግማ ተጫነች። አሁንም ዝም። ሌላው ሁሉ ሲናገር እምቢ ብቻ አፏን ዘጋች። «ከኮምፒውተሩ ነው፣ ከእኔ ነው ስህተቱ» ብል ማን ይስማኝ? ሾፌሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ደክመዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለና በወሩ መጨረሻ የዕቃ መጫኛ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኝ ሄደ። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን እኔን እንኳ አላየችኝም።

ነገሩን ስመረምረው ምን ሆኖ ተገኘ? ለሌሎቹ ቁልፎች ሁሉ ድምፃቸውን ስሰጥ ለእምቢ ሳልሰጣት ቀርቻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? በእርግጥ ፓይተን ስህተቱን ተናግሯል፤ ግን የተናገረው እሷ ቁልፏን ከተጫነች በኋላ፣ ያውም ከሥዕሎቹ ኋላ ተደብቃ ስህተት በሚጻፍባት ጥቁር መስኮት ላይ ነው። ስጽፍ ዝም፣ ስከፍተው ዝም፣ ሰው ፊት እስካቀርበው ዝም! በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሳልቀመጥ ነገሩን ዘረገፍኩት። እንቁላሉ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጥፋቱ የቋንቋው አይደለም፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳይሞክሩ ማቅረብዎ ነው። አንዲት መስመር ናት፣ ትስተካከላለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልካድኩትም። ተስተካከለችም። ግን እህት ዓለም፣ እምነቴ ሄደ። በነካሁት ቁጥር ሌላስ ምን ደብቆኛል ማለት ጀመርኩ። ባልና ሚስት መሃል እንኳ ይህ ከገባ ቤት አይቆምም።

እዚህ ላይ ነው ፀጉር አስተካካዩ የገባው። ከእኔ ጎን የሚቀመጠው ጨዋታ አዋቂ ሰውዬ፣ ነግሬሻለሁ፤ እሱ የፓይተን ስም በክፉ ሲነሳ አይወድም። «እመቤት፣ እኔ ፀጉር ስቆርጥ ነካ አድርጌ መስታወት አያለሁ፣ ደግሞ ነካ አድርጌ አያለሁ። ይህም ቋንቋ እንደዚያ ነው። እየሠሩ ያዩታል» አለኝ። «ብታበላሸውስ?» አልኩት። «ውይ፣ እመቤት! ፀጉር እኮ ይበቅላል» አለ። እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ «ጨርቅ አይበቅልም!» አልኩት። እኔስ አንዴ መቀስ ካሳረፍኩበት ማን ይመልስልኛል? አስቀድሜ ካልለካሁ፣ በጠመኔ ካላሰመርኩ እጄ መቀስ አያነሳም። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩ ግን አልሳቀም። «የዛሬውን ትምህርት እናንተ አስተማራችሁ። እርስዎ የሚፈልጉት ከመቁረጥዎ በፊት የሚቆጣዎትን ነው» ብሎ ጃቫን ከፈተልኝ።

ጃቫ ማንን እንደሚመስል ልንገርሽ? አማቴን። ነፍሷን ይማርና፣ ቁርጥ እሷን! መስመር ሁሉ መጨረሻው ላይ ነጥብና ሰረዝ ካላደረግሽለት አይሰማሽም። ዕቃ ሁሉ ስም ይጻፍበት ይላል፤ ይህ የቁጥር መያዣ ነው፣ ይህ የጽሑፍ መያዣ ነው ብለሽ አስቀድመሽ ትናገሪያለሽ፤ ጨው ባልሽበት ዕቃ ስኳር ብትጨምሪ ቤቱን ይደበልቀዋል። ፓይተን በአንድ ቃል የሚለውን ይህ ዘር ማንዘር ቆጥሮ ነው የሚለው። አንቺ «ያ ነገር ያስለቅስሻል» ብለሽኝ ነበር። አንቺ ሆይ፣ ከአማቴ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝ! የጃቫ ቁጣ ለእኔ እሹሩሩ ነው። ደግሞ አማቴ ስትቆጣ በጓዳ ነበር፤ እንግዳ ፊት አንድ ቀን አሳፍራኝ አታውቅም። እኔም ያልኩት ይህንን ነው፤ በሰው ፊት ከሚያዋርደኝ ጓዳ ውስጥ የሚቆጣኝ ይሻለኛል።

አንቺ በላክሽልኝ ታብሌት ላይ እንደ አዲስ ጀመርኩት፤ «እሺ» የምትል አረንጓዴ ቁልፍም ጨመርኩበት። መጀመሪያ ሰሞን እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አልዋሽሽም። ስፌት የሰጡኝ ሰዎችም «ቀሚሴ የት ደረሰ?» እያሉ በር ላይ ተሰለፉ። የመጫኛ መኪናው ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲሠራ ሥዕሉንም፣ ጽሑፉንም፣ ድምፁንም ይዞ ካልመጣ አይወለድም የሚል ሕግ መምህሩ አሳየኝና በዚያው ሄድኩ። ታዲያ መጨረሻ ላይ ምን ሆነ መሰለሽ? ያችኑ ስህተት ደገምኳት! በዓይኔ እያየሁ፣ በእጄ እየጻፍኩ፣ እምቢን እንደገና ያለ ድምፅ ሠራኋት። ወዲያው ከሥሯ ቀይ መስመር ተሰመረ፤ ጨርቅ ላይ የማሰምረው ጠመኔ መሰለኝ። ሂድ ብለው አልሄድም አለ። መምህሩን ጠርቼ ምን እያለኝ ነው ብለው አነበበና «ይህች ቁልፍ ድምፅ ስላልተሰጣት አልቀበላትም ነው የሚለው» አለኝ። እህቴ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ እልል ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። ሰው ሲሰደብ እንዲህ ደስ ብሎት ታውቂያለሽ? ፀጉር አስተካካዩ «እመቤት፣ ተሰድበው ነው የሚስቁት?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አማቴ ናት፣ ተወኝ» አልኩት።

ሌሎቹም አልተዉኝም። «ነይ» ስትጫን በእሷ ክፍል ብቻ ከሚጮህ የእኔም ስልክ እንዲጠራ ያደረገልኝ መምህሩ ነው፤ ያንን እኔ ገና አልደረስኩበትም። ባለቤቴ ደግሞ ታብሌቱ እንዳይወድቅባት በመደገፊያዋ ላይ የሚገጠም የእንጨት ማቀፊያ ሠራላት፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እንደ ሕፃን ጉንጭ እስኪለሰልስ ፈግፍጎ። ይህ ሰውዬ ለእኔ ማድቤት መደርደሪያ ሥራልኝ ካልኩት ስንት ክረምት አለፈ? ለእሷ ግን በአንድ ቀን! አልተቀየምኩም፤ እንዲሁ ልንገርሽ ብዬ ነው። ቁልፎቹንም በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፣ ባለቤቴም ሞከራቸው፣ ሞክራ ሞክራ የሰለቸችው ራሷ እትዬ ናት።

ቀኑ ደረሰ። የመጫኛው መኪና መጥቶ በራችን ላይ ቆመ፤ የተጠቀለለ ገመድ፣ ባዶ ካርቶን ይዘው ገቡ። ሾፌሩ እናቱን ስሞ ገና ወገቡን ሳያቀና እትዬ ጣቷን ቀይዋ ላይ አሳረፈች። «እምቢ!» አለ ድምፄ፣ ግድግዳው እስኪያስተጋባ። ለካ ድምፁን ጨርሳ አስጩሃዋለች! ሾፌሩ ዘሎ ተነስቶ እኔን አየኝ። «እርስዎ ነዎት እናቴ?» አለ። «እኔ አፌን አልከፈትኩም፤ ድምፁ የእኔ ነው፣ እምቢታው የእሷ ነው» አልኩት። አላመነም። መቀላቀሏን ሊፈትን ፈለገ መሰለኝ «እማዬ፣ ብርድ ልብሱን ልጠቅልለው?» አላት። «እምቢ!» «ወንበሩንስ ላውጣው?» «እምቢ!» «ታዲያ ቤቱን ለማን ልስጠው?» ብሎ ሳይጨርስ «እምቢ!» የመኪናው ረዳቶች በር ላይ ቆመው ይስቃሉ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ ለምሳ ውጪ ልውሰድሽ?» አላት። እትዬ እጇን ከቀይዋ አነሳች፣ ሥዕሎቹን በዓይኗ ዞረቻቸው፣ አረንጓዴዋን ተጫነች። «እሺ።» ሾፌሩ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቷን አቅፎ አለቀሰ። «ለካ እስከ ዛሬ እምቢ ስትይኝ ነው የኖርሽው» አላት። እሷም በደህናው እጇ ራሱን ዳበሰችው።

የመጫኛው መኪና ባዶውን ተመለሰ። ሾፌሩ ጧትና ማታ የምታያት ነርስ አስመጣላት፤ እሱም በየሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል። የበሩን ደፍ ባለቤቴ አንስቶ አስተካከለው፣ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይም መያዣ ብረት ገጠመላት። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ ከቦታው ተቀምጦ እየሰፋሁ ነው። እፎይ ማለት እንዲህ ነው ለካ!

አሁን አንቺን ልለምንሽ። የመረጥሽልኝን ስለተውኩ እንዳይከፋሽ። አንቺ ከልጅነትሽ ወንዙ ውስጥ ዘለሽ ከገባሽ በኋላ ነው ጥልቀቱን የምትጠይቂው፤ እኔ ደግሞ ዱላ ከትቼ ለክቼ፣ ያንቺን ልብስ ዳር ላይ ይዤ እጠብቅሽ ነበር። አንቺም አልሰመጥሽም፣ እኔም አልደረቅኩም። ፓይተን ያንቺ ነው፣ የፀጉር አስተካካዩም ነው፤ ለእናንተ ይመቻችሁ። እሱ በፓይተን ለደንበኞቹ ተራ የሚይዝ ነገር ሠርቶ ወረፋ ላይ የነበረውን ጠብ አስቀርቷል፤ እያደነቅኩት ነው። እኔም ለትንሽ ነገር፣ ለመሞካከሪያ፣ አሁንም እከፍተዋለሁ፤ የቀድሞ ባል ሰላምታ አይነፈግም። ግን ሰው የሚደገፍበትን ነገር ስሠራ ከአማቴ ጋር ነኝ።

የሚያስቅ ነገርም ሞልቷል። ባለቤቴ አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ከእትዬ ቤት ድምፄ «በር ክፈቱልኝ» ሲል ሰምቶ የእኛን በር ሊከፍት ሮጠ፤ እኔ እኮ ከኋላው ነው የቆምኩት። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ሰፊዋ ስትቆጣ ሰማናት፣ ምን ሆና ነው?» እያለ ባለቤቴን መጠየቅ ጀምሯል። እትዬም አዲስ ቁልፍ አዘዘችኝ። ጨዋታ ሳበዛባት ጆሮዋን በእጇ እየሸፈነች ታየኝ ስለነበር ገባኝና «አሁንስ በቃሽ» የምትል ሠራሁላት። በገዛ ድምፄ ዝም በይ እባላለሁ! ይህን ጉድ ለማን ይነግሩታል?

እንግዲህ ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ ለሳሉ ትኩስ ነገር ይጠጣ፣ አንገቱን ይሸፍን፤ የጠለፍኩለትን የአንገት ልብስ መሳቢያ ውስጥ ከትቶት እንደሆነ ግን እንዳልሰማ። ለጎረምሳው ልጅሽ፣ ቁመቱን ለክተሽ ላኪልኝ፤ በግምት አልቆርጥም፣ አሁን ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ለትንሿ ወሬኛ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ በእኔ የወጣች ናትና አትቆጪያት። ለአማትሽም ከእጅ መንሻ ጋር ሰላምታዬን አድርሺ፤ ቢቆጡሽ ቻዪው፣ ይጠቅማል። ባለቤቴ፣ ትልቋ ልጄ፣ እንቁላሉ መምህርና ያ ጨዋታ አዋቂ ሰውዬ ሁሉም ሰላም ብለውሻል። ፀጉር አስተካካዩ እንዲያውም ዛሬ ጧት በደጄ ሲያልፍ ለአንቺ እየጻፍኩ መሆኔን ሰምቶ «የፓይተን ወገን እዚህም አለሽ ይበሉልኝ» ብሏል።

ይህን ስጽፍ የመደገፊያዋ ብረት ደጃፉ ላይ ኳ ኳ አለ፤ እትዬ ራሷ መጣች። ከፊቴ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ የወረቀቱን ብዛት አየችና ታብሌቷን ነካች፤ «አሁንስ በቃሽ» አለችኝ። እሺ፣ ልጨርስ ነው፣ ለእህቴ ምን ልበልልሽ አልኳት። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ አለፈቻቸው፤ ውሃውን አለፈች፣ አልጋውን አለፈች፣ ቀይዋንም አለፈች። እኔን የምትጠራባት ቁልፍ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ በመስኮቱ ወደ መንገዱ፣ ሩቅ ሩቅ ተመለከተች፣ ሁለቴ ተጫነቻት። «ነይ፣ ነይ» ብላሻለች።

ከመንገድ ዳሯ የስፌት ክፍሌ፣
ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ